የአያ ከንፈር

አንገረቡ የግቢው በር ላይ ተሰነቀረ። ከፊት የያዙት ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ወጥተዋል፤ ከኋላ የያዙት ሁለቱ ገና ግቢ ውስጥ ናቸው። በመሃል፣ በገመድ አልጋው ላይ፣ የሰባት ዓመቷ አያ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ በጎኗ ተኝታለች።

«አዘንብሉት፤ ወደ ግራ» አለ ሙጅታባ ከፊት ሆኖ። ከሠራዊቱ ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል፤ የጀብራ ሰፈር ግን ዛሬም ረቂብ ሙጅታባ ይለዋል፣ ሃምሳ አለቃ እንደማለት። እሱም ቃል የሚያወጣው እንደ ሃምሳ አለቃ ነው።

«ካዘነበልነው ትወድቃለቻ፣ ያ ረቂብ» አለ ወልደሥላሴ።

«ታዲያ ያዛት፣ ኡስታ። እጅህ ምን ሆነ?» ኡስታ የእጅ ባለሙያ መጠሪያ ነው።

የወልደሥላሴ አንድ እጅ የአልጋውን እግር ይዟል። ሌላው እጁ የኦክስጅን ሲሊንደር አቅፏል። ክንድ የምታህል፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ አንገቷ ላይ የግፊት መለኪያ የተገጠመላት ናት። ሱዳኖች አንቡባ ይሏታል፤ እሱም ከእነሱ ለምዶ አንቡባ ይላታል። በካርቱም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፍሪጅ ሲጠግን የመዳብ ቧንቧ የበየደው በእሷ ነው። ዛሬ ግን ቱቦዋ ጫፍ ላይ ከወገቡ የተቆረጠ የውሃ ጠርሙስ አስሯል፤ ጠርሙሱ የልጅ አፍና አፍንጫ ይሸፍናል።

«ኡስታ ወልዴ፣ ፍሪጅ መሙላት ሰልችቶህ ሰው መሙላት ጀመርህ?» አለ ከቢር ከጎኑ። ከቢር የረክሻ፣ የባጃጅ፣ ነጂ ነው፤ ሰው ሲጨንቀው መቀለድ አይተውም።

«ዝም ብለህ ግፋ።»

ገፉት። የበሩ ቆርቆሮ የአልጋውን እንጨት ላጠውና ወጡ።

እሁድ ሰኔ ሁለት ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። በጦር ሠፈሩ ደጅ ለተቃውሞ ሁለት ወር የተቀመጠው ሕዝብ በጥይት ከተበተነ ስድስተኛው ቀን፣ አድማው የተጀመረበት ደግሞ የመጀመሪያው ቀን። ሱቅ ተዘግቷል። አውቶቡስ የለም። ኢንተርኔት ተቆርጧል። መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ወጣቶቹ በየመንገዱ መታሪስ የሚሉትን ሠርተዋል፤ የእግረኛ መንገዱን ጡብ ነቅለው፣ የተቃጠለ ጎማና የወደቀ ምሰሶ ጨምረው እስከ ደረት የከመሩት ነው። ወታደር እንዳይገባባቸው ያቆሙት ነው፤ ግን አምቡላንስም አይገባም። የከቢር ረክሻ እንኳ አልሾለከችም። ጠዋት ሞክረው ከመጀመሪያው መታሪስ ሥር ትተዋት ነው ለአንገረብ የተመለሱት።

አያ የታመመችው ዛሬ አይደለም። ስትወለድም ታማ ነበር፤ ማንም አላወቀም እንጂ። ታችኛው ከንፈሯ ከአራስነቷ ጀምሮ ሰማያዊ ጥላ ነበረው። የአባቷ የአብደልራሒም እናት፣ ሐጃ ሀዋ፣ በድሮው የሱዳን ሴቶች ወግ ለሠርጓ ከንፈሯን በመርፌ አስወግታ ሰማያዊ ያስነቀሰች ሴት ናት። የልጅ ልጇን ከንፈር ባየች ጊዜ እልል አለች። «እኔ ሳምንት ሙሉ እህል ሳልቀምስ ያገኘሁትን ጌጥ፣ ይቺ ከማሕፀን ይዛው መጣች» ብላ ጎረቤት ጠራች። ሴቶቹ በየተራ የሕፃኗን ከንፈር በጣታቸው እየነኩ ማሻአላህ አሉ። እናቷ ሙላቷ የበጌምድር ልጅ ናት፤ የራሷም ድድ የተነቀሰ ነው። ጌጥ ነው ሲሏት ጌጥ ነው ብላ ተቀበለች።

እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ። ልጅቷ ጥቂት ሮጣ ቁጢጥ ትላለች፤ ጥቂት ተጫውታ ቁጢጥ ትላለች። ጨዋታዋ ነው አሉ። አንድ ቀን ተዝለፍልፋ ስትወድቅ ሐኪም ዘንድ ተወሰደች። ሐኪሙ ጥፍሯን ተመለከተ፣ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ ውስጡን ተመለከተ፣ ከዚያ ጌጥ ያልሆነ ነገር ተናገረ። ልቧ ሲፈጠር ስቷል፤ በቀዶ ጥገና ካልሆነ አይቃናም። ስሟ ተጻፈ። አራት ዓመት ተራ ጠበቁ። ዘንድሮ ከረመዳን በኋላ ተብለው ነበር። ረመዳን አለቀ፤ ከረመዳን በኋላ የመጣው ግን ይህ ነው።

ዛሬ ጠዋት የጎማ ጭስ ቤት ገባ፣ ተከትሎ ቅርብ ቦታ ተኩስ ተሰማ። አያ ነቅታ አለቀሰች። እያለቀሰች ከንፈሯ ጠቆረ፤ ከዚያ ምላሷ፣ ከዚያ ጣቶቿ። ለቅሶው ራሱ አቅም አጥቶ ቆመና የማይጠግብ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። አባቷ የጭነት መኪናውን ይዞ ገዳሪፍ ላይ መንገድ ተዘግቶበታል። ሙላቷ ወደ ጎረቤት ተጣራች፤ የደረሰላት ወልደሥላሴ ነው። አይቷት አንድ ነገር ብቻ አሰበ። ልጅቷ አየር አጥታለች፤ አየር ደግሞ እኔ አለኝ።

አርካዊት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ራንያ የምትባል ሐኪም በአባቷ ቤት ቁስለኛ እየተቀበለች እንደምታክም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ልጅቷን ወደ እሷ ነው የሚያደርሷት።

«እኔ ልዘላት፣ ጋሽ ወልዴ» አለች ሙላቷ። መንገድ ላይ ወጥተው አንገረቡን እያመቻቹ ነበር። ነጠላ በእጇ አጣጥፋ ይዛለች። «ሲነሳባት ጀርባዬ ላይ ነው የሚሻላት።»

«በዚህ ሐሩር? እስከ አርካዊት? ሁለት መታሪስ ሳትሻገሪ አንቺም ትወድቂያለሽ።»

«ሁልጊዜም አዝላታለሁ እኮ።»

«ለዚህ አይደል ሰፈሩ ሙሽራ አዝላ ትዞራለች የሚልሽ» አለ አራተኛው ተሸካሚ፣ ተድላ። በአል-ማንሺያ የባለጸጋ ቤት ዘበኛ ነው፤ አድማው እረፍት ላይ አግኝቶት ጀብራ ቀርቷል። «ሕመምተኛ በቃሬዛ ነው፣ እህቴ። አራት ወንድ ቆሞ ሳለ ሕመምተኛ በሴት ጀርባ ሄዶ ያውቃል? ባገር ቢሰሙ ምን ይሉናል?»

ወልደሥላሴም እንደዚያው ነበር የሚያውቀው። በተወለደበት በጋይንት የታመመ ሰው በቃሬዛ ይወጣል፤ አራቱ ሲደክማቸው ሌሎች አራት ይቀበሏቸዋል። የሚታዘል ሕፃን ነው። ሰው በወግ ተዘርግቶ፣ ልብስ ተጥሎበት፣ በትከሻ ነው የሚሄደው።

«ማማ፣ ሺሊኒ» አለች አያ። ተሸከሚኝ ማለቷ ነው። በሕመሟ ቀን አማርኛው ይጠፋባታል፤ የሚቀርላት አረብኛው ብቻ ነው።

«ይሸከሙሻል፣ የኔ እናት። እነ ጋሼ ይሸከሙሻል» አለች ሙላቷ፤ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

አንቡባዋ ቦታ አጣች። በእጅ እንዳትያዝ የአልጋው እግር ይወድቃል፤ በራስጌ እንዳትሆን ልጅቷን ትመታለች። ወልደሥላሴ ከልጅቷ ጎን በቁመቷ አጋደማት። ያኔ የአያ የታጠፈ ጉልበት እንቅፋት ሆነ። ቁርጭምጭሚቶቿን ይዞ ቀስ አድርጎ እግሯን ዘረጋ። እጁን ሲለቅ ጉልበቷ ተመልሶ ታጠፈ። እንደገና ዘረጋው። ከዚያ የሙላቷን ቶብ፣ እንደ ሱዳን ሴቶች ከላይ የምትጠቀለልበትን ረጅም ጨርቅ፣ ከጭኗና ከቅልጥሟ ላይ አዙሮ ልጅቷንም አንቡባዋንም ከአልጋው ጋር አሰራቸው። ጠርሙሱን አፍንጫዋ ላይ አደረገ፣ መክፈቻውን ትንሽ አዞረ። አንቡባዋ ማፏጨት ጀመረች።

«ይኸው። አሁን እንደ ሰው ተኛች» አለ።

«ያላ፣ እንሂድ» አለ ረቂብ ሙጅታባ።

የመጀመሪያው መታሪስ ላይ ወጣቶቹ አንገረቡን ሲያዩ ሳይጠየቁ ወረዱ። ጡብ ላይ ቆመው በእጃቸው ተቀበሉት፤ አልጋው ከራስ በላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ታንኳ ተሻገረ። ከመካከላቸው አንዱ ከንፈሯን አይቶ ፊቱን አዞረ። ሁለተኛው መታሪስ ላይ ማንም አልነበረም፤ ሙጅታባና ተድላ ጡብ አንስተው ቀዳዳ ከፈቱ።

«እኔን ሞቼ እንኳ እንዲህ አይሸከሙኝም» አለ ከቢር እያለከለከ። «ሚስቴ በረክሻዬ ጭና ነው የምትቀብረኝ።»

ማንም አልሳቀለትም። እሱም አልጠበቀም።

ፀሐዩ ከፍ ብሎ የአስፋልቱ ሙቀት በጫማ ሶል ውስጥ መግባት ጀምሯል። ወልደሥላሴ በእያንዳንዱ ሃያ እርምጃ ወደ ልጅቷ ፊት ያጎነብሳል። ቀይ ይሆናል ብሎ የሚጠብቀው ከንፈር ቀይ አልሆነም። መክፈቻውን ጨመረ። በቶቡ ሥር ጉልበቷ ሲታገል ሁለት ጊዜ አየ፤ አልጋው ሲናጥ ሰዎቹ ሚዛን ስተው ተንገዳገዱ። ቋጠሮውን አጠበቀው።

ከሰሃፋ ሰፈር ባሻገር ባለው ሰፊ መንገድ ላይ መትረየስ የተጠመደባት ላንድክሩዘር ቆማለች። «ቁሙ» አለ ወታደር። ቆሙ። አንገረቡን አስቀመጡ። ረቂብ ሙጅታባ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተና በቁሙ ተገትሮ ሰላምታ ሰጠ። ከመኪናዋ ጥላ የወጣው መኮንን በዕድሜ ከሙጅታባ ልጅ የሚያንስ ወጣት ነው።

«ጀናቦ» አለው፤ ወታደር ለመኮንን የሚጠቀምበት የማዕረግ ስም ነው። «ረቂብ ሙጅታባ፣ በጡረታ። የታመመች ልጅ ይዘናል። ወደ ሐኪም።»

«ከጎኗ ያለው ብረት ምንድነው?»

«ኦክስጅን ነው፣ ጀናቦ።»

«ፍቱት።»

አንድ ወታደር ቶቡን ፈታ፣ አንቡባዋን አውጥቶ አገላበጣት፣ አሸተታት። መኮንኑ የወልደሥላሴን የመኖሪያ ፈቃድ ጠየቀ፤ ማን እንደሰጠው፣ የት እንደሚሠራ፣ ፍሪጅ ጠጋኝ ኦክስጅን ምን ያደርግለታል ብሎ ጠየቀ። ወልደሥላሴ ስለ ብየዳ አስረዳ። መኮንኑ አላመነም፤ እንደገና አስረዳ። አሥር ደቂቃ ያህል ሄደ። በዚያ መሃል አያ እግሯ ስለተፈታላት ጉልበቷን ወደ አገጯ ስባ ድብልብል ብላ ተጠቀለለች። ትንፋሿ ረዘም አለ። ዓይኗን ገልጣ ወታደሩን አየችው፤ ወታደሩ ውሃ መያዣውን ከወገቡ አውጥቶ ለእናቷ ሰጠ።

ወልደሥላሴ ይህን አየ። ከንፈሯ ላይ ያለው ጥቁረት ሳሳ ያለ መሰለው፤ አልመሰለውም፣ በእርግጥም ሳስቶ ነበር። እስካሁን የሰጠኋት አየር ሠራ አለ በሆዱ።

«እለፉ» አለ መኮንኑ በመጨረሻ።

ወልደሥላሴ ሲሊንደሯን ተቀብሎ በቦታዋ መለሳት። የአያን እግሮች ዘረጋ፤ በቶቡ አሰረ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ክፉ ነበር። አንቡባዋ ታፏጫለች፣ ልጅቷ ትጠቁራለች። አርካዊት ሲገቡ ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፤ የሚያየው ነገር ግን የለም። ሙላቷ ከአልጋው ጎን እየሮጠች ስሟን ትጠራለች፤ አያ፣ አያ፣ አያ። ሰዎቹም መሮጥ ጀመሩ። ተድላ እየሮጠ ያለቅስ ነበር፤ ሲጠየቅ ላብ ነው አለ።

የሐኪሟ ቤት ሳሎን ወለሉ በፍራሽ ተሸፍኗል። እግሩ በፋሻ የታሰረ ወጣት፣ ራሱ የተጠቀለለ ሽማግሌ፣ ሌሎችም አሉ። ዶክተር ራንያ ሠላሳ ያልሞላት፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት። አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ ሀበሻ፤ አማርኛዋ የልጅነት ነው፣ በአረብኛ የሚጠገን። አልጋው ወለል ሳይነካ ልጅቷን አየቻት።

«እግሯን ማን ዘረጋው?»

መልስ ሳትጠብቅ በመቀስ ቶቡን ቀደደች። የአያን ሁለት ጉልበቶች ይዛ ወደ ደረቷ አጠፈቻቸው፣ አጥብቃ ጫነቻቸው፤ «ኡም አያ፣ የአያ እናት፣ ነይ፣ እንዲህ እቀፊ። አትልቀቂ» አለች። ሙላቷ አቀፈች። ሐኪሟ የልጅቷ ክንድ ላይ መርፌ ሰካችና ግሉኮስ አንጠለጠለች፤ ማንጠልጠያው የመጋረጃ ብረት ነበር። ደቂቃዎች ሄዱ። ከንፈሩ ከጥቁር ወደ አመድ መጣ፤ ከአመድ ወዲያ አልመጣም። አያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አየር ሰጥቻት ነበር» አለ ወልደሥላሴ። «መንገዱን ሙሉ።»

«አየር መጥፎ አይደለም። ትንሽ ይረዳል፣ ቀጥልበት» አለች ራንያ። «ግን ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ የጎደለው አየር አይደለም። አየሩ ሳንባዋ ገብቷል። ሳንባ ያልገባው ደሟ ነው።»

የመድኃኒት ካርቶን ቀደደችና በእስክሪብቶ ልብ ሣለች። ደም ከልብ ወደ ሳንባ የሚወጣበት ቧንቧ የአያ ጠባብ ነው፤ በልቧ ሁለት ክፍሎች መሃል ደግሞ ቀዳዳ አለ። ስታለቅስ፣ ስትደነግጥ፣ ሲሞቃት ጠባቡ ይበልጥ ይጠባል። ያኔ ደሙ ሳንባን ሳያይ በቀዳዳው ይሾልካል፤ እንደጠቆረ ወደ ሰውነት ይመለሳል። ከንፈርን፣ ምላስን፣ ጥፍርን ሰማያዊ የሚያደርገው እሱ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ግን ወደ እግር የሚወርደው ደም ይታገዳል፤ ግፊቱ ይበረታል፤ ደሙ በግድ ወደ ሳንባ ያልፋል።

«ለዚህ ነው ሮጣ ቁጢጥ የምትለው። ሰውነቷ ራሱ ያውቃል።»

ወልደሥላሴ ካርቶኑን ተቀብሎ አየው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት ቤት ቆሞ ስንት ባለ ፍሪጅ ላይ ተናዷል፤ ጋዝ ጨምርልኝ ይሉታል፣ ካፒላሪው ተደፍኖ ጋዝ ብጨምርልህ ምን ይሠራልሃል ይላቸዋል። ቀጭኗ ቧንቧ ከተዘጋች ጋዙ ሞልቶም ፍሪጁ አይቀዘቅዝም። ይህን የማያውቅ ሰው ይገርመው ነበር።

«ሰሃፋ ላይ ወታደሮቹ ፈትተዋት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ተሽሏት ነበር። መልሼ ያሰርኋት እኔ ነኝ።»

ከቢር ወለሉን ያያል። ተድላ ውጭ ወጣ።

ሙላቷ ልጇን አቅፋ ቀና አላለችም። «እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም» አለች። «ሳዝላት እንደሚሻላት ብቻ ነበር የማውቅ።»

«ስታዝያት ጭኗ ከወገብሽ ጋር ይጫናል፣ ጉልበቷ ይታጠፋል» አለች ራንያ። «ማንም ሳያስተምርሽ ስታክሚያት ነው የኖርሽው።»

ይህን ያለችው ለማጽናናት ነው። ክፍሉ ውስጥ ከዚህ የከበደ ነገር ግን አልተባለም።

ግሉኮሱ አለቀ፤ ሌላ አልነበረም። ልብ የሚያረጋጋው መድኃኒትም፣ ሕመም የሚያደነዝዘውም ለቁስለኞቹ አልቋል። ራንያ ወደ ወንዙ አቅጣጫ፣ ከአል-ማንሺያ አጠገብ ወዳለ ሆስፒታል ደወለች። የልብ ሐኪም አለ፤ ልጅቷ ከደረሰች ይቀበላታል፤ መኪና ግን መላክ አይችሉም። ስልኩን ዘግታ ሙላቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እዚህ ከቆየች ለማታ አትደርስም፣ ኡም አያ። ብትሄድም... አላውቅም። ልዋሽሽ አልችልም።»

«በእግር ምን ያህል ነው?»

«አንድ ሰዓት። መታሪሱ ካልበዛ።»

ሙላቷ ተነሳች። ነጠላውን ዘረጋች። አጎንብሳ ልጇን ጀርባዋ ላይ አወጣች፤ ማንም አልረዳትም፣ ማንም አልከለከላትም። ደረቷ ላይ አጥብቃ ቋጠረች። የአያ ጉልበቶች በእናቷ ጎን በግራና በቀኝ ታጥፈው ወጡ።

«ሽልት» አለቻት፤ ተሸከምሁሽ። አያ ጉንጯን የእናቷ ማጅራት ላይ አስደገፈች።

ሦስቱ ወንዶች ጡብ እያነሱ መንገድ ሊከፍቱ ቀድመው ወጡ። ሙላቷ በመሃል፣ ወልደሥላሴ ከኋላ። አንቡባዋን በትከሻው ተሸክሟል፤ በረዘመው ቱቦ ጠርሙሱን የልጅቷ ፊት ላይ ይዟል። ዞሮ ማየት ለማትችለው እናት ዓይኗ እሱ ነው።

«ከንፈሯ ምን ይመስላል?»

«አመድ። እንደነበረው።»

ቀትር ሆነ። ነፋሱ አቧራ አምጥቶ ሰማዩን አደፈረሰው። የመጀመሪያውን መታሪስ አለፉ፤ ሁለተኛውን አለፉ። ስልክ ከወልደሥላሴ ኪስ ጮኸ፤ የሙላቷ ስልክ ነው፣ እንዲይዝላት የሰጠችው። አብደልራሒም ከገዳሪፍ መሆን አለበት። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል። ጮኾ ጮኾ ተወ።

«ከንፈሯስ?»

ጠቁሮ ነበር። በጭስ እንደተለበለበ እንጨት ሆኗል፤ ጥፍሮቿም፣ በእናቷ ትከሻ ላይ የተንጠለጠሉት ጣቶቿም።

«ደህና ነው» አለ።

«አጥብቄ ይዣት የለም?»

«ይዘሻታል። ጥሩ አርገሽ ይዘሻታል።»

የመለኪያው ቀስት ወደ ዜሮ ተጠግቷል። የጠርሙሱ ውስጥ በልጅቷ ትንፋሽ ላብ ይጋገር ነበር፤ አንዴ ይሳሳል፣ አንዴ ይጋገራል። ወልደሥላሴ ዓይኑን እዚያ ላይ ተክሎ ነው የሚሄደው፤ መንገዱን አያይም፣ እንቅፋት ሲመታው እንኳ አይሰማውም። ሦስተኛውን መታሪስ ካለፉ በኋላ ላቡ ሳሳ። እስኪጋገር ጠበቀ። አንድ ቤት አለፉ፣ ሁለት ቤት፣ የተዘጋ ዳቦ ቤት። ጠርሙሱ ጥርት ብሎ ደረቀ።

«ከንፈሯ፣ ጋሽ ወልዴ?»

«ደህና ነው።»

ሙላቷ ነጠላውን ከደረቷ ላይ ያዝ አደረገችው፤ እርምጃዋ አልቀነሰም፣ አልጨመረም። ከአንድ ረጅም አጥር ጋር ጎን ለጎን ሄዱ፤ አጥሩ አለቀ።

«ጋሽ ወልዴ።»

«አቤት።»

«ትንፋሿ አንገቴን ከተወኝ ቆይቷል።»

ወልደሥላሴ ጠርሙሱን ከፊቷ አላነሳም። አንቡባዋ ትንሽ አፏጭታ ጸጥ አለች።

«እንቁም እንዴ፣ ሙላትዬ? ትንሽ ጥላ እንፈልግ?»

«አይሆንም» አለች። «ከቆምሁ ላወርዳት ነው።»

ከፊታቸው አራተኛው መታሪስ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ምንም አልሰሙም፤ በአቧራው ውስጥ ወገባቸውን አጉብጠው ጡብ ይወረውራሉ። ሙጅታባ የመጨረሻውን ምሰሶ ከተድላ ጋር አንስቶ ወደ ጎን ጣለው፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ያላ፣ ተከፍቷል» አለ። «እለፉ።»

ሙላቷ በቀዳዳው ለመሾለክ አጎነበሰች፤ የልጇ ራስ ጡቡን እንዳይነካ ከኋላዋ በእጇ ከለለችውና አለፈች።